የቆየ ርካሽ የመዝናኛ መርከብ ለቤተሰብ፦ ከጅማ ለሚነሳ ሰው ጥቆማ

ጥያቄ፣ ከጅማ ቆጪ ሰፈር

ሰላም ለሁላችሁ። ከፋሲካ በኋላ ግንቦት ላይ ለአራት ሰው የ4 ሌሊት የመርከብ ሽርሽር እየፈለግን ነው፦ ባልና ሚስት፣ የ9 ዓመት ልጅ እና የ67 ዓመት እናት። የግሪክ ደሴቶችን አስበናል። አቅማችን የሚደርስባቸው መርከቦች ግን ሃያ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ናቸው። እናታችን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጾምም አጥብቀው ይይዛሉ። ስለ መርከቡ ደኅንነት፣ ስለ ካቢን አመራረጥ፣ ስለ እውነተኛው ወጪ እና ጅማ ሆኖ የት መግዛት እንደሚሻል የምታውቁ ጠቁሙን።

ከፈረንጅ አራዳ

መርከቡ የተሠራበት ዓመት ብቻውን አያስፈራችሁ። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው የመዝናኛ መርከብ ጥር 2012 በፈረንጆቹ ጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ 32 ሰው ሲሞት ሥራ ከጀመረች 6 ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። በሌላ በኩል ከጥቅምት 1 ቀን 2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቀላሉ በሚቀጣጠል ቁሳቁስ የተሠሩ የመንገደኛ መርከቦች በዓለም አቀፉ ሕግ ታግደዋል፤ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ አሮጌ መርከቦች በብዛት ከገበያ የወጡት ያኔ ነው። ዛሬ «የቆየ» ተብሎ የሚሸጥላችሁ በአብዛኛው የ1990ዎቹ ወይም የ2000ዎቹ መጀመሪያ መርከብ ነው።

መታየት ያለበት አያያዙ ነው። እያንዳንዱ መርከብ ስሙና ባለቤቱ ቢቀያየርም የማይለወጥ ባለ 7 አሃዝ የአይኤምኦ (የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት) ቁጥር አለው። ኢኳሲስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተመዝግባችሁ ቁጥሩን ስታስገቡ የወደብ ተቆጣጣሪዎች መርከቡን መቼ እንደፈተሹ፣ ስንት ጉድለት እንዳገኙ፣ አግደውት እንደነበረም ታያላችሁ። ጥቂት ጉድለት በየትኛውም መርከብ አይጠፋም። ፍተሻ በተደረገ ቁጥር የእሳት መከላከያ ወይም የነፍስ አድን ጀልባ ጉድለት የሚደጋገም ከሆነ ግን እሱን መርከብ ተዉት።

የመንገደኛ መርከብ የደኅንነት ምስክር ወረቀት በየ12 ወሩ ይታደሳል፤ በ5 ዓመት ውስጥም ቢያንስ 2 ጊዜ ከውኃ ወጥቶ ከሥሩ ይታያል። ስለዚህ ሻጩን «መርከቡ መቼ ታደሰ?» ብላችሁ በደፈናው አትጠይቁት። «ለመጨረሻ ጊዜ ከውኃ የወጣው መቼ ነው? ያኔ ካቢኖቹና መታጠቢያ ቤቶቹ ተነክተዋል ወይስ ሳሎኑ ብቻ?» በሉት። ብዙ ጊዜ እድሳት የሚባለው ምንጣፍ፣ መጋረጃና ምግብ ቤት ነው፤ ቧንቧውና ማቀዝቀዣው የቀድሞው ሆኖ ይቀራል።

ከሄርማታ

በመስመራችሁ ከምታገኟቸው መካከል የግሪኩን የመዝናኛ መርከብ ኩባንያ የሴለስቲያልን ሁለት መርከቦች ማነጻጸር ጥሩ ትምህርት ነው። «ጆርኒ» በፈረንጆቹ የ1994 ሥሪት ሲሆን ስፋቱ ወደ 55,000 ቶን ነው (ይህ ቶን የውስጥ ስፋት መለኪያ ነው እንጂ ክብደት አይደለም)። «ዲስከቨሪ» የ2003 ሲሆን ወደ 42,000 ቶን ነው። ሁለቱም ወደ 1,260 ሰው ይይዛሉ። ቶኑን ለሰው ቁጥር ስታካፍሉት አሮጌው ወደ 44፣ አዲሱ ወደ 33 ይሰጣችኋል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ለሰው የሚደርሰው ቦታ ይሰፋል፦ መተላለፊያው፣ ሳሎኑ፣ የምግብ ሰልፉ ሁሉ። ይህ ማለት በዕድሜ ዘጠኝ ዓመት የሚበልጠው መርከብ ሰፋ ያለ ነው። ይህንን ስሌት የቀረበላችሁ መርከብ ላይ ሁሉ ሥሩ፤ ከ30 በታች ከሆነ በምግብ ሰዓት ግፊያ ጠብቁ።

ሌሎች አንዳንድ የ2000ዎቹ መጀመሪያ መርከቦች ደግሞ ተቆርጠው የተቀጠሉ ናቸው። ኤምኤስሲ የተባለው ኩባንያ መርከቦች አርሞኒያ፣ ሲንፎኒያ፣ ኦፔራ እና ሊሪካ በፈረንጆቹ 2014 እና 2015 ጣሊያን ፓሌርሞ ላይ መሐላቸው ተከፍቶ ወደ 24 ሜትር ገደማ አዲስ አካል ገብቶላቸዋል። በእነሱ ላይ ካቢን ስትይዙ ከተጨመረው ክፍል ማግኘት ይቻላል፤ የካቢኑን ቁጥር ይዛችሁ ወኪሉን ጠይቁ።

ካቢን። አራታችሁም አንድ ክፍል ብትይዙ ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ከግድግዳ ወይም ከጣሪያ በሚዘረጋ አልጋ ላይ በመሰላል ነው የሚወጡት። ጉልበት ለሚያማቸው እናት አይሆንም፤ ማታ ክፍሉ ውስጥ መላወሻም አይኖርም። ሁለት ካቢን ጎን ለጎን ያዙ፦ አያትና ልጅ በአንዱ፣ እናንተ በሌላው። ቦታው ከመርከቡ መሐል፣ ከታች ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይሁን፤ መናወጡ እዚያ ይቀንሳል። ከኋላ ጫፍ በታች ያሉት በቆዩ መርከቦች ላይ ከፕሮፔለሩ (መርከቡን ከኋላ ከሚገፋው መዘውር) ንዝረት አላቸው። ከፊት በታች ያሉት ንጋት ላይ መርከቡ ወደብ ሲጠጋ በመልሕቁ ሰንሰለትና በጎን መግፊያ ሞተሩ ድምፅ ያስነሷችኋል። ከላይ ጭፈራ ቤት ወይም ወጥ ቤት፣ ከጎን አሳንሰር እንዳይሆንባችሁ የፎቆቹን ካርታ አውርዳችሁ ከላይና ከታች ያለውን እዩ።

መስኮት ያለው ካቢን ስትገዙም «እይታው የተጋረደ» የሚል ጽሑፍ ካለ ነፍስ አድን ጀልባ ከፊት ተሰቅሏል ማለት ነው።

ከጅሬን

ከሄርማታ የተሰጠው ምክር ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ለእናት መስኮት ያለው ካቢን አጥብቄ እመክራለሁ። መስኮት በሌለው ክፍል ቀንና ሌሊቱ አይለይም፣ አድማሱን አይቶ ራስን ማረጋጋትም አይቻልም። ልዩነቱ ለአንድ ሰው ለ4 ሌሊት ብዙ አይሆንም። እናንተ መስኮት የሌለውን ያዙ፤ ለመኝታ ብቻ ነው የምትገቡት።

ጉልበትን በተመለከተ ዋናው አደጋ ደፉ ነው። በቆዩ መርከቦች የመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር ደፍ ይኖራል፣ ገላ መታጠቢያውም ጠባብ ነው። የአካል ጉዳተኛ ካቢኖች ጥቂት ስለሆኑ ቀድመው ያልቃሉ፤ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ከዚያ ወደ መሬት መውረዱ አለ። ሳንቶሪኒ ላይ መርከቡ ባሕሩ ላይ ቆሞ በትንሽ ጀልባ ነው የሚያወርዱት፤ ከዚያ ገደሉን በኬብል መኪና (በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄድ ሳጥን) ትወጣላችሁ። ጀልባዋ ስትወዛወዝ መራመድ የሚቸገር ሰው እንዲቀር ሊነገረው ይችላል። ስለዚህ መርከቡ ተጠግቶ ድልድይ የሚዘረጋባቸው ወደቦች የሚበዙበትን ዙር ምረጡ፦ ሮድስ፣ ሄራክሊዮን፣ ኩሻዳሲ (ይህኛው ቱርክ ውስጥ ነው)።

ግንቦትን መምረጣችሁ በጣም ጥሩ ነው። በኤጌያን ባሕር ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ንፋስ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ያይላል፤ ያኔ ትንንሾቹ ጀልባዎች ስለማይወርዱ ሚኮኖስና ሳንቶሪኒ ይዘለላሉ። ኩባንያው ወደብ ቢዘልል ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው የወደብ ክፍያውን ብቻ ነው። ለማጥወልወል የሚወሰደውን እንክብል ከመነሳት አንድ ሰዓት በፊት ነው የሚውጡት፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ አይረዳም። እናት የደም ግፊት ወይም የግላኮማ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

ስለ ጾሙ፦ ግንቦት በአመዛኙ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ችግሩ በራሱ ተቃልሏል። ቀኑ ከጰራቅሊጦስ አልፎ ወደ ሰኔ ጾም ከገባ ግን ቢያንስ ከጉዞው 30 ቀን በፊት «ቪጋን» (ከእንስሳት የተገኘ ምንም የሌለበት) ብላችሁ በጽሑፍ አስመዝግቡ። «የጾም» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የግሪኮቹ የጾም ምግብ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ የሚባሉ የባሕር እንስሳትን ይጨምራል። ሙስሊም ለሆኑ ቤተሰቦችም እንደዚሁ ነው፦ «አሳማ አልበላም» ማለት አይበቃም፣ ሥጋው ሐላል መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ካልተረጋገጠ ዓሣና አትክልት ላይ መቆየት ነው።

ከመርካቶ ሰፈር

ወጪው ላይ ልግባ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማስታወቂያው «350 ዩሮ» ካለ፣ ያ ለአንድ ሰው፣ ሁለት ሰው በአንድ ካቢን ሲሆን ነው። የስሌቱን መልክ እንዲህ ያዙት፦ ለአራት ሰው 1,400። የወደብ ክፍያና ግብር ካልተካተተ፣ በሰው 120 ቢሆን፣ 480። የሠራተኛ ቲፕ በቀን በሰው 12 ቢሆን ለ4 ሌሊት 192። ከመርከቡ የምትገዙት ሁለት የጉብኝት ጉዞ በሰው በ70 ዩሮ 560። ውኃና ለስላሳ 100። ድምሩ 2,732 ነው። የሸንገን ቪዛ (ግሪክን ጨምሮ የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ለአዋቂ 90፣ 6 ዓመት ሞልቶት 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ስለሆነ ለእናንተ 315 ይጨመራል። አውሮፕላኑና አቴንስ የምታድሩበት ሆቴል ገና አልገቡም። ጉዟችሁ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ከሆነ ግሪክ ሚኮኖስና ሳንቶሪኒ ለሚወርድ የመርከብ መንገደኛ በሰው 20 ዩሮ ታስከፍላለች፤ በግንቦት መጀመሪያ ያነሰ ነው። ይህ ክፍያ ዋጋው ውስጥ መኖሩን ጠይቁ።

ከዚህ ውስጥ በቀላሉ የሚቀነሰው ጉብኝቱ ነው። ሮድስ ላይ አሮጌው ከተማ ከወደቡ በእግር ይደረሳል። ኩሻዳሲ ላይ ወደ ኤፌሶን ፍርስራሽ የሚሄዱ ከሆነ ግን የመርከቡን ጉዞ ግዙ፤ አውቶቡሱ ቢዘገይ መርከቡ የራሱን እንግዶች ይጠብቃል፣ በግላችሁ ከሄዳችሁ አይጠብቅም።

የት ይገዛ? ጅማ ያሉት የቲኬት ቢሮዎች ለአውሮፕላን ጥሩ ናቸው፤ የጅማ፣ አዲስ አበባና የውጭውን በረራ በአንድ ቲኬት ያያይዙላችኋል፣ አንዱ ቢዘገይ ሌላውን ለማስተካከል ይረዳል። መርከቡን ግን አዲስ አበባ ያለ፣ ኩባንያው ጋር የተመዘገበ የጉዞ ወኪል ወይም የኩባንያው ድረ ገጽ ይሻላል። ድረ ገጹ ዋጋው ግልጽ ነው፤ የሚከብደው ክፍያው ነው፣ የብር ካርድ አይሠራም። አንዳንድ ባንኮች በውጭ ምንዛሪ የሚሞላ ዓለም አቀፍ ካርድ አላቸው፤ ለመንገደኛ ምንዛሪ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይጠይቃሉ። ቪዛው ሳይወጣ ምንዛሪው ስለማይሰጥ ቀብዱ መቼ እንደሚከፈል ከዚሁ ጋር አስተያዩት።

በቴሌግራም «ቪዛ ጨምሮ» የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት በስማችሁ የተያዘ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ተቀበሉና ራሳችሁ ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ አረጋግጡ። ቁጥሩ ካልከፈተ ብር አታስገቡ።

ከአጂፕ

ከሁሉም በፊት ቪዛውን አስተካክሉ። መርከቡ ኩሻዳሲ ከቆመ ቱርክ ገባችሁ ማለት ነው፤ ከሸንገን ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል፤ የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2024 ለኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለ ቪዛ መስጠትን ስለገደበ ግን ማግኘት መቻላችሁን ቀድማችሁ ኤምባሲውን ጠይቁ። የአንድ ጊዜ ቪዛ የያዘን ሰው በአቴንስ ወደብ በፒሬየስ ከነሻንጣው ሊመልሱት ይችላሉ። የቱርኩን ቪዛ ሁኔታም ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ለይታችሁ ከኩባንያው በጽሑፍ ጠይቁ። ከዱባይ ወይም ከአቡ ዳቢ ተነስቶ ዖማን ወይም ኳታር ደርሶ የሚመለስ ጉዞ ለሚመርጡም ያው ነው፣ የኤምሬትስ ቪዛው ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት። የባሕረ ሰላጤው ወቅት ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ ለቡና ነጋዴ ከለቀማ በኋላ ይመቻል። ነገር ግን በአካባቢው ፀጥታ ምክንያት መስመር ስለሚቀየር ተመላሽ የሚሆን ዋጋ ያላቸውን ብቻ ግዙ።

የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው እስከ 6 ወር አስቀድሞ ይገባል፤ መደበኛው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ነው፣ ለኢትዮጵያውያን ግን ኅብረቱ በፈረንጆቹ 2024 ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። እኔ ብሆን ሦስት ወር ቀደም ብዬ አስገባለሁ፣ መርከቡንም ቪዛ ቢከለከል ቀብዱ በሚመለስበት ዋጋ እይዛለሁ፤ ትንሽ ቢወደድም ያዋጣል።

የእኛ ስም አጠራር ለመርከብ ሠራተኞች እንግዳ ነው። ባል፣ ሚስትና ልጅ የመጨረሻ ስማቸው ይለያያል። ስሙን ሁሉ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አስጽፉ፤ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የጋብቻ ወረቀታችሁን ተተርጉሞና ተረጋግጦ ያዙ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያዙ፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት አይሆንም።

መርከብ አይጠብቅም። ከጅማ አየር ማረፊያ የጠዋቱ በረራ በደመና ሊዘገይ ይችላል፤ በመኪና ከሆነም እስከ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ አንድ ሌሊት፣ አቴንስ አንድ ሌሊት እደሩ። መነሻ ወደቡ ፒሬየስ ይሁን ላቭሪዮን ቲኬቱ ላይ አንብቡ፤ ላቭሪዮን ከአቴንስ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ወደ ፒሬየስ ከአየር ማረፊያው ሜትሮ በቀጥታ ይወስዳል።

ከፈረንጅ አራዳ፣ ተጨማሪ

ሻንጣ ላይ ጥቂት። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ውኃ ማፍያ፣ ሻማና እጣን ካቢን ውስጥ ክልክል ነው፤ ሲገቡ በኤክስሬይ አይተው ይይዙታል። ጀበናውን ቤት ተዉት፣ የተፈጨ ቡና ግን በታሸገ ከረጢት ያዙና ፍል ውኃ ከምግብ ቤቱ ውሰዱ። ቅቤና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አይገባም፤ በሶና ቆሎ ይገባል። በቆየ ካቢን ሶኬት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ ብዙ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው አንድ ቻርጀር ይበቃል፣ ማከፋፈያ ገመድ ይነጠቃል። ሽንት ቤቱ በአየር ግፊት የሚስብ ነው፤ እርጥብ መጥረጊያ ወይም ጨርቅ ከተጣለበት የእናንተ ብቻ አይደለም፣ የመስመሩ ካቢኖች ሁሉ ይደፈናሉ።

ገብታችሁ ከማረፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ሞክሩ፦ ማቀዝቀዣው፣ ፍል ውኃው፣ የሽንት ቤቱ ስበት። አንዱ ካልሠራ ወዲያው እንግዳ መቀበያው ሂዱ፤ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ባዶ ካቢን ካለ ይቀይሩላችኋል፣ ማታ ላይ ግን መጠገኛ ሰው ብቻ ነው የሚልኩት። የአደጋ ጊዜ ልምምዱ ላይ እናታችሁም ልጁም ይገኙ። የመሰብሰቢያ ቦታው ፊደል ካርዳችሁ ላይ ተጽፏል፤ ከካቢናችሁ እስከዚያ በደረጃ ብቻ አንድ ጊዜ ሂዱበት፣ በእሳት ጊዜ አሳንሰር አይሠራም። የልጅ መጠን ያለው ተንሳፋፊ ጃኬት ካቢን ውስጥ ከሌለ የካቢን አስተናጋጁን በዚያው ሰዓት ጠይቁት።