በቨርጂኒያ ገጠር ቤት ለገዛችሁ፦ ስለ ማገዶ፣ ስለ አሮጌ ትራክተርና ስለ መሬት አያያዝ

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት በአፓርትመንት ከኖርን በኋላ፣ ባለፈው ወር ከኩልፔፐር ከተማ ወጣ ብሎ ሰባት ኤከር መሬት ያለው አሮጌ ቤት ገዝተን ገብተናል። ቤቱ በዋናነት የሚሞቀው በማገዶ ምድጃ ነው። የቀድሞው ባለቤትም አሮጌ ትራክተር ከነሣር ማጨጃው ትተውልናል። እኔም ባለቤቴም ከተማ ተወልደን ያደግን ስለሆንን፣ ገጠር የኖራችሁ ታላላቆቻችን ከየት እንደምንጀምር ብትመክሩን ውለታችሁን አንረሳም።

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ፤ የሰላምና የጤና ቤት ያድርግላችሁ። እኔና ቤተሰቤ ሸናንዶ ሸለቆ ውስጥ መኖር ከጀመርን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። ትራክተሩ እስከ ጸደይ ሊቆም ይችላል፣ ብርዱ ግን ቀጠሮ አይሰጥምና ከማገዶው ልጀምር።

ዘንድሮ የሚነደው እንጨት አምና ወይም ካቻምና ተፈልጦ የተከመረ መሆን አለበት። በገባንበት ዓመት ይህን ስላላወቅን ኖቬምበር ውስጥ «ደረቅ ነው» ተብለን አንድ መኪና ሙሉ የኦክ ፍልጥ ገዛን። እንጨቱ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ይንጣጣል፣ በተቆረጠው ጫፉ በኩል ውኃ አረፋ እየደፈቀ ይወጣል፣ የምድጃው መስታወት ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይጠቁራል፤ ቤቱ ግን አይሞቅም። በጸደይ የጭስ ማውጫ ጠራጊው መጥቶ ሲሠራ፣ የወረደው አገር ቤት የምናውቀው ብንን የሚል ጥላሸት ሳይሆን እንደ ሬንጅ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቅርፊት ነበር። ብሩሽ አልበገር ብሎት በመፋቂያ እየፈነቀለ አንድ ባልዲ ሞላው።

ያ ቅርፊት ክሪዮሶት ይባላል። እርጥብ እንጨት ሲነድ አብዛኛው ሙቀት ውኃውን በማትነን ያልቃል፤ ጭሱም ቀዝቅዞ ስለሚወጣ በውስጡ ያለው ያልተቃጠለ ቅባት በማውጫው ግድግዳ ላይ ይጋገራል። አንድ ቀን ይህ ቅርፊት በእሳት ከተያያዘ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፣ ድምፁም እንደሚያልፍ ባቡር ያጉረመርማል። ያን ድምፅ ከሰማችሁ የምድጃውን በርና የአየር ማስገቢያውን ዝጉ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ 911 ደውሉ፤ በማውጫው ውስጥ ግን ውኃ አታፍስሱ፣ የጋለውን ግድግዳ ይሰነጥቀዋልና። የጭስ ማውጫው በየዓመቱ መመርመር አለበት፤ እናንተ ደግሞ የቀድሞው ሰው ምን ዓይነት እንጨት ያነድዱ እንደነበረ ስለማታውቁ፣ ሳይመረመር አንድ ክብሪት እንኳ እንዳትጭሩ አደራ እላችኋለሁ።

የእንጨት እርጥበት መለኪያ ዛሬውኑ ግዙ፤ ሁለት ሹል ጥርስ ያላት፣ እጅ ውስጥ የምትገባ ትንሽ መሣሪያ ናት። ከክምሩ አንድ ፍልጥ ወስዳችሁ እንደገና ለሁለት ፍለጡትና አዲስ በተከፈተው የውስጥ ገጽ ላይ ጥርሶቹን ውጉ፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ እንጨት ብዙ ነውና ከውጭ የሚነበበው ቁጥር ያታልላል። ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ይነዳል፣ በላይ ከሆነ ለከርሞ ይቆይ። ኦክ ሁለት በጋ ይፈልጋል፤ አሽና ሜፕል በአንድ በጋ ሊደርሱ ይችላሉ። ፍልጡን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ደርድሩት፣ ላዩን ብቻ ሸፍኑ፣ ጎኖቹን ክፍት ተዉአቸው። ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠግቶ መከመር ምስጥ ወደ ቤት መጥራት ነው።

ስትገዙ ደግሞ «አንድ መኪና» በሚባል መለኪያ አትስማሙ። መለኪያው ኮርድ ነው፦ ቁመቱ 4 ጫማ፣ ወርዱ 4 ጫማ፣ ርዝመቱ 8 ጫማ ሆኖ የተደረደረ፣ በድምሩ 128 ኪዩቢክ ጫማ። የፍልጡ ርዝመት 16 ኢንች ሆኖ አንድ ረድፍ ብቻ ከተደረደረ የኮርድ ሲሶ ነው፤ ዋጋው ግን አንዳንድ ጊዜ እንደ ሙሉ ኮርድ ይጠየቃል። ተራ ፒክ አፕ መኪና አንድ ሙሉ ኮርድ ኦክ አይሸከምም፤ በእርጥቡ ክብደቱ ከ5,000 ፓውንድ ያልፋል።

እንጨቱን በአካባቢያችሁ ከተቆረጠው ግዙ እንጂ ከሩቅ አታስመጡ። በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ዲትሮይት አካባቢ የተገኘው፣ ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የአሽ ዛፎችን ፈጅቷል፤ ከቦታ ቦታ ከተዛመተባቸው መንገዶች ዋነኛው ሰዎች የሚያጓጉዙት ማገዶ ነው። በእናንተም መሬት ላይ ቆመው የደረቁ አሾች ይኖሩ ይሆናል። እነዚህ ለማገዶ የሚያጓጉ ይምሰሉ እንጂ እንጨታቸው ተሰባሪ ስለሆነ፣ መጋዙ ገና ግንዱን ሲነካ ከላይ ቅርንጫፍ ሊወርድ ይችላል። እነሱን ለባለሙያ ተዉአቸው።

አመዱን በተመለከተ እናቶቻችን ያስተማሩን አለ። ማታ እሳቱን በአመድ ዳፍነው ያድሩና ጧት ቆስቁሰው ፍሙን ያወጡት አልነበረም? የምድጃችሁ አመድም እንደዚያው ነው፤ በእጅ ሲነካ የቀዘቀዘ መስሎ፣ በውስጡ ፍም ለቀናት ይቆያል። በካርቶን ወይም በፕላስቲክ ባልዲ አታውጡት። ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ከእንጨት በረንዳ ርቆ መሬት ላይ ይቀመጥ።

ምድጃው ራሱ ከጀርባው የማረጋገጫ ሰሌዳ እንዳለው እዩ። ሰሌዳ የሌለው አሮጌ ምድጃ ከማንኛውም ተቀጣጣይ ነገር ቢያንስ 36 ኢንች መራቅ አለበት። የምትቀይሩት ከሆነ፣ ከሜይ 15 ቀን 2020 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አዳዲስ ምድጃዎች በሰዓት ከ2 ግራም፣ በፍልጥ እንጨት ከተፈተኑ ከ2.5 ግራም በላይ ብናኝ እንዳያወጡ ስለተደነገገ፣ ከአሮጌው ይልቅ እንጨት ይቆጥቡላችኋል። ማገዶ እንደምታነዱም ለቤት ኢንሹራንሳችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

ወደ ትራክተሩ ልምጣ። ዓይነቱን አልገለጻችሁም፤ በእኛ አካባቢ ከቤት ጋር ሲተላለፍ ደጋግሜ ያየሁት ከ1947 እስከ 1952 የተሠራው ፎርድ 8ኤን ነው። ያም ሆነ ሌላ፣ ከመቀመጫው በስተኋላ ከአሽከርካሪው ራስ በላይ የሚቆም የብረት ቅስትና የደኅንነት ቀበቶ ከሌለው፣ አስገጥማችሁ እንጂ እንዲሁ ዳገት ላይ አታውጡት። ትራክተር ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ይገለበጣል፤ ጉቶ ለመንቀል ሰንሰለቱን ከፍ ካለ ቦታ ያሰረ ሰው፣ የፊት ጎማው ሲነሳ ለመዝለል ጊዜ አያገኝም። የሚጎተት ነገር ሁሉ ከታች ካለው መጎተቻ ብረት ላይ ብቻ ይታሰር።

ማጨጃውን የሚያሽከረክረው የኋላ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ይዞራል። የዘንጉ መሸፈኛ ከተሰበረ ሳይቀየር አይሠራም፤ ነጠላም ሆነ የተንዘላዘለ የሹራብ ክር ይዞ ወደዚያ የሚጠጋ ሰው አይኑር። በ8ኤን ላይ ሌላም ጣጣ አለ፦ ፍሪሲዮን ብትረግጡም የማጨጃው ምላጭ በያዘው ጉልበት ዘንጉን ማዞሩን ስለማያቆም ትራክተሩን ወደፊት ይገፋዋል፣ አጥርም ሰውም ፊት ለፊት ቢኖር አይቆምም። ይህን የሚያስቀር፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጉልበት የሚያስተላልፍ መጋጠሚያ በእርሻ መሣሪያ መደብሮች ይገኛል፤ ከዘይትና ከፊልትሮ በፊት እሱን ግዙ።

በየጸደዩ ሞተር አልነሳ የሚለው በአብዛኛው በቤንዚኑ ምክንያት ነው። እዚህ የሚሸጠው ቤንዚን በአብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው፤ ኤታኖል እርጥበት ይስባል፣ ለወራት ሲቆምም ካርቡራቶሩን ይደፍናል። መጋዝንም ሆነ ትንሽ ማጨጃን ለብርዱ ወራት ከማስቀመጣችሁ በፊት ቤንዚኑን አስወጡና ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ አሠሩት። የሞተር መጋዝ ቅልቅል በአብዛኛው 50 ለ1 ነው፤ ለአንድ ጋሎን ቤንዚን 76 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ይገባል። መጋዙን ግን የእግር መከላከያ ሱሪ፣ የራስ ቁርና የሚያሠለጥናችሁ ሰው ሳይኖር አታስነሱ።

የወደቀ ቅጠልና ቅርንጫፍ ስታቃጥሉ፣ በቨርጂኒያ ሕግ ከፌብሩዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 30 ከጫካ ወይም ከደረቅ ሣር በ300 ጫማ ርቀት ውስጥ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት፣ በእዚህ አቆጣጠር ከ4 ፒኤም በፊት፣ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ለአጥር ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት፣ ከመሬት በታች የተቀበሩ መስመሮች የት እንዳሉ እንዲያመለክቱላችሁ 811 ደውሉ። የቤቱን ፍሳሽ የሚያጠራቅመው የመሬት ውስጥ ገንዳ፣ ማለትም የሴፕቲክ ታንካችሁ፣ በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ ይመጠጥ፣ ፍሳሹ በሚሰርግበት መሬት ላይም ትራክተር አይንዳበት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ የቀደመው ጠያቂ ሚስት ነኝ። እሑድ እሑድ ቡና የምናፈላው በከሰል ነው፤ በአፓርትመንት እያለን ክልክል ስለነበረ ናፍቆን ነው። ጭሱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ፍሙን ወደ ቤት ብናስገባው ችግር አለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እባክሽን አታስገቡት። ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ የሚወጣውም ጭስ አልባ ሆኖ ከቀላው ፍም ነው። አገር ቤት በሩና የጣሪያው ክፍተት ያስወጣው ነበር፤ እዚህ ግን ቤቱ ብርድ እንዳያስገባ ተደፍኗል። በእኛ ቤት አንድ የጃንዋሪ እሑድ ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው ጮኸ። ባለቤቴ ራሴን አመመኝ ስትል የቡና ሱሷ መስሎን ነበር። ከዚያ ወዲህ ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፣ ዕጣኑም በኤሌክትሪክ ማጨሻ ነው፤ ከሰል ካማራችሁ ሜዳ ላይ አንጥፋችሁ ውጭ አፍሉ። ጄኔሬተርም መብራት ሲጠፋ ጋራዥ ውስጥ አይሠራም፤ ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ ይራቅ። የጉድጓዱ ፓምፕ በመብራት ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ ውኃም ይጠፋልና ለጥቂት ቀናት የሚሆን ውኃ ቅዱ። ጠቋሚውን በየፎቁና በየመኝታ ቤቱ አጠገብ ስቀሉ፤ ባትሪውንም ሰዓት በሚቀየርበት ቀን ቀይሩ።