ምጣዴ ማታ ማታ አልግል አለኝ፤ ሽቦው ደክሞ ነው?

የጓሮ ጋጋሪ፦
ሰላም ናችሁ? እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች የማስረክብ ነኝ። ሰሞኑን ከማታ 1 ሰዓት በኋላ ምጣዴ አልግል ብሎኛል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጠርዙም ይጣበቃል። መጀመሪያ አብሲቱ ነው ብዬ ሊጡን ወቀስኩ። በዚያው ሊጥ ጠዋት ስጋግር ግን አንደኛ ነው።

አንድ ሠራተኛ አይቶት «ሽቦው ደክሟል፣ ቆረጥ አድርጌ ላሳጥርልሽ» አለኝ። ልጄ ቴክኒክና ሙያ ነው የሚማረው። «ቆይ እማ፣ መጀመሪያ እንለካው» ብሎ ከጓደኛው ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፒር የሚለካ መሣሪያ) ተውሶ መጣ። ምጣዱ ላይ 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ይላል። ሶኬቱን ስንለካ 210 ቮልት አገኘን። ምጣዱን አብርተን ደግሞ 13.7 አምፒር። (መጀመሪያ ዜሮ ነበር ያሳየን። ለካ ክላምፑን ሙሉው ገመድ ላይ ነው ያስገባነው! አንዱን ሽቦ ብቻ ለይተን ስናስገባ አነበበ።)

210 ለ13.7 ሲካፈል 15.3 ኦም (ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን)፣ ሲባዛ 2877 ዋት። በጽሑፉ ከሄድን ግን 13.8 ኦም መሆን ነበረበት ይላል ልጄ። እውነትም ሽቦው ደክሟል ማለት ነው?

ቾክ በእጄ፦
ልጅሽ ጎበዝ ነው፤ ማባዛቱም ማካፈሉም ልክ ነው። ችግሩ 210 ላይ ነው። 210ን የለካችሁት ምጣዱ ጠፍቶ፣ 13.7ን ደግሞ በርቶ ነው። ሁለቱ አንድ ሂሳብ ውስጥ አይገቡም። ምጣዱ እየሠራ ቮልቱን ለኩ።

ክላምፑ ዜሮ ያለው ደግሞ በአንዱ ሽቦ የሄደው በሌላው ስለሚመለስ ነው፤ አንድ ላይ ሲያዙ ይጣፋሉ።

ባለ ፒንሳ፦
ቆጣሪው ጋም ለኩ፣ ምጣዱ እንደበራ። እሱን ግን የሚያውቅ ሰው ይለካው እንጂ ልጁን ብቻውን አትላኪው።

የጓሮ ጋጋሪ፦
አስተማሪው አብሮት ሆኖ ለካ። ሶኬቱ ላይ 190፣ ቆጣሪው ጋ 203። አምፒሩ ያው 13.7።

ባለ ፒንሳ፦
እህቴ፣ ሽቦሽን እንዳታስነኪ! 190 ለ13.7 ሲካፈል 13.9 ኦም ነው። የፋብሪካውን ለማግኘት 220 በ220 አባዝተሽ ለ3500 ታካፍያለሽ፤ 13.8። ሽቦው ጤነኛ ነው።

ያጣሽው ዋት ነው። 190 በ13.7 ሲባዛ 2603 ብቻ። ቮልቱ ከ220 የቀነሰው 14 በመቶ ግድም ሆኖ ሳለ ዋቱ ግን ሩቡ ሄዷል። ቮልት ሲወርድ አምፒሩም አብሮ ይወርዳላ!

ከ220 እስከ 203 ያለው የውጪ ነው። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ይጥዳል፣ ምንም አታደርጊውም። ከ203 እስከ 190 ያለው 13 ቮልት ግን ግቢሽ ውስጥ ነው የሚጠፋው። በ13.7 ሲባዛ 178 ዋት። ከቆጣሪው እስከ ማዕድ ቤቱ ስንት ሜትር ነው? ሶኬቱስ ይሞቃል?

የጓሮ ጋጋሪ፦
25 ሜትር ይሆናል፤ የመስመሩ ሽቦ ውፍረት 1.5 ካሬ ሚሊ ነው አለኝ ልጄ። ሶኬቱማ እጅ አያስነካም። ፊቱም ቡኒ ሆኗል። የምጣድ ሶኬት ሁሉ እንደዚያ መስሎኝ።

ባለ ፒንሳ፦
ምን! ዛሬውኑ አትጋግሪበት። 1.5 መዳብ ሄዶ ሲመለስ 50 ሜትር ነው፤ 0.57 ኦም ግድም። እሱ 8 ቮልት ይበላል። የቀረው 5 ቮልት ሶኬቱና መገጣጠሚያው ላይ ነው። በ13.7 ስታባዢው ወደ 70 ዋት። ሶኬትሽ ውስጥ ባለ 60 ሻማ አምፖል በርቷል በይው።

ያ ሰውዬ ሽቦውን አንድ አሥረኛ ቢያሳጥረው ኖሮ 12.4 ኦም ይሆን ነበር። ማታ ትንሽ ይግልልሽ ይሆናል። 220 ሲመጣ ግን 17.7 አምፒር ይስባል፣ ባለ 16 ሶኬት ላይ። እኔ እንደዚያ ተሠርቶ የተቃጠለ ሶኬት ስንቱን ነቅያለሁ!

ዋናውን አጥፍታችሁ ሶኬቱን ቀይሩ። ከቆጣሪው ደግሞ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሽቦ ለምጣዱ ብቻ ይምጣ።

አዲስ ገቢ፦
ይሄ ሁሉ ከሚሆን የምጣዱን ኦም በቴስተር መለካት አይቀልም ነበር?

ባለ ፒንሳ፦
ምጣዱ ተነቅሎ ይለካል፣ ይቻላል። የምጣድ ሽቦ ሲግልም ኦሙ ብዙ አይለወጥም። (ባለ ክር አምፖል ቢሆን ያሳስትሃል፤ ቀዝቃዛው ኦም ሲበራ ካለው አንድ አሥረኛ እንኳን ላይሞላ ይችላል።) ግን «ሽቦው ደህና ነው» ብሎህ ዝም ይላል። የሚቃጠለውን ሶኬት ማን ይነግርሃል?

የጓሮ ጋጋሪ፦
ተቀየረ። ሶኬቱ ሲከፈት አንዷ ብሎን ላልታ፣ ዙሪያዋ ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ አገኘነው። እኔ በየማታው እዚያ አጠገብ ሊጥ ስቀዳ ነበር! ትናንት ማታ 199 ቮልት፣ 14.4 አምፒር አነበበ። 2866 ዋት ማለት ነው። 3500 አልሞላም፣ ግን ዓይኑ መጥቷል። ሶኬቱም እጅ ያስነካል።

ክላምፑን ልጄ እስካሁን አልመለሰም። የጎረቤታችንን ምጣድ ሊለካ ሄዷል።