ዴይሊሊ ማዳቀል ጀምሬ ቦታ አለቀብኝ፤ የት ላይ ልቁም?

የአራት ኪሎዋ
ጤና ይስጥልኝ። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ለአበባ የተፈቀደልኝ 4 በ2 ሜትር ብቻ። ዴይሊሊ (ቅጠሉ ሣር የሚመስል፣ አበባው አንድ ቀን ብቻ የሚቆይ ተክል) ማዳቀል ከለመድኩ ወዲህ ጠዋት ያበበውን ሁሉ ብናኙን ከአንዱ ወደ አንዱ እያደረስኩ ነው። አሁን በየእርጎ ስኒው ችግኝ፣ በየመስኮቱ ዘር። እናቴ «ጤና አዳሜን ነቅለሽ ይሄን ሣር ልትተክይ ነው?» ትላለች። ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው። ችግሩ አንዱንም መጣል አይሆንልኝም፤ ቆንጆው እሱ ቢሆንስ? በዓመት ስንት ላዳቅል? የቱን ልጣል?

ጋሽ ፒያሳ
ልጄ፣ መጀመሪያ ሜትርሽን ያዢ። ያደገ ዴይሊሊ ግማሽ ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ 8 ካሬሽ ጢም ብሎ ቢሞላ 32 ተክል ነው። ግማሹን ለወላጆቹና ለመረጥሻቸው ተዪ። ከቀረው 3 ካሬ ለችግኝ ስጪና በዓመት አንዷን ብቻ ሙዪ። ከዘር እስከ አበባ ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ዓመት ስለሚፈጅ፣ ሦስተኛዋ ስትሞላ የመጀመሪያዋ ለመለቀቅ ትደርሳለች። በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት አንድ ካሬ 40 ያህል ችግኝ ይችላል፤ እስኪያብብ ይበቃዋል። አንድ ፍሬ ከ10 በላይ ዘር ሊሰጥ ስለሚችል አራት አምስት ፍሬ ከያዘልሽ የዓመቱ ሥራ አለቀ። አምስተኛው ፍሬ ሲያብጥ ካየሽ ብናኙን ለንቦቹ ተዪላቸው።

ዘር ለቃሚ
ጋሼ ቦታውን ተናግረዋል። እኔ የምጨምረው፣ የማይሆነውን ቀድመሽ ብትለዪ ግማሹ ድካም ይቀራል። ዴይሊሊ 22 ክሮሞሶም (በሕዋስ ውስጥ የዘር ባሕርይ የሚሸከም ክር) ያለውና 44 ያለው አለ። ሁለቱን ማዳቀል ፍሬ አይሰጥም ብለሽ ብትነሺ ይሻላል። በየግቢው ያለው ተራው ብርቱካናማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 33 ያለው ነው፤ እሱን እናት አድርገሽ ዘር አትጠብቂ። መንገድ ዳር የተገዛ ተክል ስም ስለሌለው ስንት ክሮሞሶም እንዳለው አይታወቅም፤ ስለዚህ ፍሬ የያዙልሽን ጥንዶች ጻፊና በእነሱ ላይ ብቻ ሥሪ። አበባው ሥር ባለ ቀለም የሱፍ ክር እሰሪ፤ ቀይ ክር አንድ አባት፣ ሰማያዊ ክር ሌላ አባት። ክር የሌለው ፍሬ አይዘራም በቃ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም
በቁጥሩ አልስማማም። ማዳቀሉን ሳይሆን መዝራቱን ነው መወሰን ያለባት፤ ብሩሽ መንካት ምን ቦታ ይወስዳል? ፍሬው በ6 ወይም 8 ሳምንት ይደርሳል። ቡናማ ሆኖ ጫፉ ሲሰነጠቅ ቁንዶ በርበሬ የሚያክል ጥቁር አንጸባራቂ ዘር ይወጣል። አድርቂውና ወላጆቹን ጽፈሽ ፍሪጅ አስገቢው፤ ለከርሞም ይበቅላል። ግን በክረምት አትልፊ። የረጠበ ብናኝ አይሠራም፤ ዝናብ የመታው ፍሬም ይበሰብሳል። መስከረም መጨረሻ ብታዳቅይ ኅዳር ላይ በደረቁ ትለቅሚያለሽ።

ጋሽ ፒያሳ
ፍሪጁም የእናትዋ ነው እኮ! የተለቀመ ዘር ሳይዘራ የቀረበት ቤት አላየሁም።

የአራት ኪሎዋ
ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ፍሪጁን ከአሁኑ ይዣለሁ። የትኛው ይጣል የሚለው ግን ገና ነው።

ዘር ለቃሚ
አንድ ዓላማ ያዢ፤ «ቆንጆ» ዓላማ አይሆንም። በዓለም የተመዘገቡት የዴይሊሊ ዝርያዎች ከ80,000 በላይ ናቸው፣ ቆንጆ ሞልቷል። ለእኛ ከተማ የሚጠቅመው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ብዙ ዴይሊሊ ከብርድ ሌሊት በኋላ ተጨማዶ፣ ጫፉ ተጣብቆ ይቀራል። አበባው ደግሞ የሚኖረው አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውጪና እዪ፦ ተዘርግቶ የከፈተ ይቆይ፣ የተጨማደደ ይመዝገብበት። ከዚያ አገዳው ስንት ቅርንጫፍና እንቡጥ እንዳለው ቁጠሪ። የመጀመሪያ ዓመት አበባ ያታልላል፤ ያጠራጠረሽን ለሁለተኛው ዓመት አቆይ፣ የከፋውን ወዲያው አንሺ። አርሎ ስታውት የተባለው የኒው ዮርክ ዕፅዋት መናፈሻ ሳይንቲስት እንኳ ካሳደጋቸው ብዙ ሺህ ችግኞች ስም የሰጠው መቶ ገደማውን ነው።

ልደታ ኮንዶሚኒየም
አንድ ነገር ረሳን። ከብርድ አገር የመጡና በክረምታቸው ቅጠላቸውን አራግፈው የሚተኙ አሉ። በእኛ አየር እየደከሙ ይሄዳሉ፤ ወላጅ አታድርጊያቸው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሚሆነውን ያዢ።

የአራት ኪሎዋ
ተስማማሁ፦ አንድ ካሬ በዓመት፣ የ3 ሰዓቱ ፈተና። የወደቁትን ለጎረቤት ባከፋፍልስ?

ጋሽ ፒያሳ
ስጪ እንጂ፣ ስም ግን አታውጪላቸው፤ ከሰየምሽው በኋላ አይጣልም። ድመት ያለበት ቤት ግን አትስጪ። ቅጠሉም ብናኙም የድመትን ኩላሊት ይገድላል።