«ካባው ወርዶበታል» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ቃል ለቃሚ፦ ሰላም ቤተሰብ። አንድ ስፔናዊ ስለሚደግፈው የኳስ ቡድን ሲያወራ «ዴ ካፓ ካይዳ» አለኝ። ካፓ ካባ ነው፣ ካይዳ ደግሞ የወደቀ። ኳስና ካባን ምን አገናኛቸው?

ሸማ ለባሽ፦ ቡድኑ ቁልቁል እየሄደ ነው ማለቱ ነው። ገበያው የቀዘቀዘበት ነጋዴም፣ ወዙ የጠፋ ሰውም እንዲሁ ይባላል። «ዘመን የጣለው» ከምንለው ግን ለስለስ ይላል። ሰውየው ገና ቆሟል፤ ከትከሻው የወረደው ካባው ነው።

ፊደል ወዳድ፦ እኔ የምወደው «ሲን ኤምቦሶ» የሚለውን ነው። ኤምቦሶ አፍና አፍንጫ ላይ የሚጠመጠመው የካባው ጫፍ ነው። በብርድ ጊዜ ጋቢያችንን ሳብ አድርገን እንደምንሸፋፈነው። «ያለ ኤምቦሶ ተናገረ» ማለት ሳይሸፋፍን አፍረጥርጦ ተናገረ ነው።

ይህ መሸፋፈን ንጉሥ አስሸሽቷል እኮ! በ1766 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) የስፔኑ ንጉሥ የካርሎስ 3ኛ ሚኒስትር ኤስኪላቼ ማድሪድ ውስጥ ረጅም ካባና ሰፊ ባርኔጣ ከለከለ። ፊቱ የማይታይ ሰው ከካባው ሥር መሣሪያ ቢደብቅ ማን ይለየዋል ነው ነገሩ። አጭር ካባና ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ልበሱ ተባለ። ደንብ አስከባሪዎች ልብስ ሰፊ አስከትለው ወጡ። የተያዘ ሰው ደጃፍ ሥር እንዲገባ ይደረግና ካባው እዚያው በመቀስ ይከረከማል። በሆሳዕና ዕለት ከተማው ተነሳ። ንጉሡ ከማድሪድ ወጥቶ ወደ አራንኹዌስ ከተማ ሸሸ። ኤስኪላቼም ከአገር ተባረረ።

ቃል ለቃሚ፦ ይህ ሁሉ በካባ ብቻ ነው እንዴ?

ሸማ ለባሽ፦ ኧረ ዳቦም ተወድዶ ነበር። ሚኒስትሩም ጣሊያናዊ ነው፣ አይወዱትም። ሆድ የባሰው ሕዝብ ዘንድ መቀስ ይዞ መሄድ ነው ነገሩን ያበላሸው።

የመንዝ ልጅ፦ በርኖስን ረሳችሁት! የዓረብኛው «ቡርኑስ» ነው። ስፔኖችም ያንኑ ቃል ከነ«አል»ው ወስደው «አልቦርኖስ» አሉት። ድሮ እነሱም ጋ ቆብ ያለው ካባ ነበር። ዛሬ ማድሪድ ሆቴል ገብታችሁ አልቦርኖስ ብትሉ የሚመጣላችሁ ከሻወር ስትወጡ የምትደርቡት የፎጣ ካፖርት ነው። የኛው የሱፍ በርኖስ ግን ሹማምንት የሚደርቡት ነበር። ክብሩን የጠበቀው የኛው ነው፣ አድልቼ ከሆነ ይቅር በሉኝ።

ቃል ለቃሚ፦ ተባረኩ። አንድ ልጨምር፦ «ከካባው ሳዮ ይሠራል» የሚል አገኘሁ።

ሸማ ለባሽ፦ ሳዮ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ሰፋ ያለ ተራ ልብስ ነው። ካባው የራሱ ነው፤ ቀዶ ተራ ልብስ ቢያሰፋው ማን ያገባዋል? በገዛ ንብረቱ እንዳሻው ያደርጋል ማለት ነው። «በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁ» የሚለው ሰውዬ ተቃራኒ በለው።