ግራንድ ኬይማን፦ ስቲንግሬይና ስኖርክል በአንድ ቀን ይደርሳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ክሩዙ (የመዝናኛ መርከቡ) በካሪቢያን ደሴት ግራንድ ኬይማን የሚቆመው እስከ ከሰዓት ብቻ ነው። ስቲንግሬይ (ጅራቱ ላይ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ) ማየትንና ስኖርክልን (በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ተንሳፍፎ የውኃውን ውስጥ ማየት) ሁለቱንም ለያዘው የጀልባ ጉዞ ጊዜው ይበቃል? ባለቤቴ ዋና አትችልም።

መልስ 1፦ ይበቃል፣ ግን ሰዓቱን አስሉት። ዋና ከተማዋ ጆርጅ ታውን ትልልቅ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ ስለሌለው የምትወርዱት በማመላለሻ ጀልባ ነው፤ ወረፋው ጊዜ ይበላል። ከዚያ በመኪና፣ ከዚያ ደግሞ በጀልባ ስቲንግሬዮቹ ወዳሉበት ባሕረ ሰላጤ፣ ኖርዝ ሳውንድ። በበጋ የደሴቲቱ ሰዓት ከማያሚ በ1 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ስልካችሁን አትመኑ፤ መርከቡ የሚሄደው በራሱ ሰዓት ነው።

መልስ 2፦ ባለቤትህ አትስጋ። ስቲንግሬዮቹ ያሉበት የአሸዋው ቦታ ውኃው 1 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቆማ ታያቸዋለች። ላይፍ ጃኬት ግን ታጥልቅ፣ ስኖርክሉ ቦታ ይጠልቃል። ዋናው ነገር እግር አለማንሳት ነው፤ እግርን አሸዋው ላይ እየጎተቱ መሄድ። ስቲንግሬይ ጀርባው ላይ ከተረገጠ ጅራቱን ወደ ላይ ይወነጭፋል፣ መርዛማው እሾህ እዚያ ነው። ከወጋ፣ ቁስሉን ሰው በሚችለው ሙቅ ውኃ (45 ዲግሪ ሳይበልጥ) ነክሮ ወደ ሐኪም። ስኩዊድ (ለስቲንግሬዮቹ የሚሰጥ የባሕር እንስሳ ሥጋ) ስታበሉ አውራ ጣት ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ አፉ ከሆዱ በኩል ስለሆነ የሚበላው በመምጠጥ ነው፣ ጣትና ምግብ አይለይም። ከውኃ ማውጣት ክልክል ነው።

መልስ 3፦ የስኖርክሉን ማስክ (የዓይንና የአፍንጫ መሸፈኛውን) ጀልባው ሳይነሳ ሞክሩት፦ ላስቲኩን ሳታስሩ ፊት ላይ ለጥፋችሁ በአፍንጫ አየር ሳቡ። ካልወደቀ ልክ ነው። ውኃ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ከጠርዙ ስር የገባ ፀጉር ወይም ጢም ነው፤ ላስቲኩን ማጥበቅ ያብሰዋል።