የአርኬድ ማሽን 5 ቮልት ሲወርድ ምን መግዛት፣ ምን ማሳደስ ይሻላል?

በአሮጌ አርኬድ ማሽን ላይ ምስሉ ሲበላሽ ወይም ጨዋታው መሐል ላይ ተቋርጦ ከመጀመሪያው ሲነሳ፣ ብዙ ሰው ወዲያውኑ አዲስ ፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ማሽኑ ወደሚፈልገው ቮልት የሚቀይረውን ክፍል) ያዝዛል። እኔ የምመክረው ግን ከግዢው በፊት ቮልቱ የት ላይ እንደሚጠፋ መለየትን ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ የጨዋታው ቦርድ የሚሠራበትን 5 ቮልት በትክክል እየሰጠ፣ ወደ ቦርዱ በሚሄድበት መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቆማዬ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ነው። ርካሹም ይበቃል፤ ባትሪው ግን አዲስ ይሁን፣ ምክንያቱም ባትሪው የደከመ መልቲሜትር ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ማሽኑ እየሠራ ሳለ የምትለኩት ቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ እግሮች ላይ ይሁን፤ ባለ 14 እግር የ74 ተከታታይ (በአሮጌ ቦርዶች ላይ የተለመደው የሎጂክ ዓይነት) ቺፕ ከሆነ በአብዛኛው በ14ኛውና በ7ኛው እግር መካከል ነው። እነዚህ ቺፖች የሚፈልጉት ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ነው። ቀጥሎም አንዱን የመለኪያ ጫፍ በፓወር ሰፕላዩ +5 መውጫ፣ ሌላውን በቦርዱ +5 መግቢያ ላይ ብታሳርፉ የሚታየው ቁጥር በዚያ መስመር የጠፋው ቮልት ነው። ግራውንዱንም (የመመለሻውን መስመር) በተመሳሳይ መንገድ ለኩ፤ በብዛት የሚዘለለው እሱ ነው።

አንድ የጃማ (የአርኬድ ቦርዶች የጋራ የማገናኛ ደረጃ) ማሽን ፓወር ሰፕላዩ ላይ 5.08፣ ቦርዱ ላይ 4.62 ቮልት አሳይቶኛል። ከእኔ በፊት ያየው ጠጋኝ የፓወር ሰፕላዩን የቮልት ማስተካከያ እየጨመረ ቆይቶ ነበር። ማገናኛውን ስነቅለው ከ+5 ፒኖቹ ሁለቱ ጠቁረው፣ በዙሪያቸው ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ነበር። ቦርዱ 4 አምፔር ቢስብ፣ የጠፋው 0.46 ቮልት ወደ 1.8 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ማለት ነው፤ ማስተካከያውን መጨመር ይህን አይፈውስም፣ ሌሎቹን መስመሮችም ከልክ በላይ ሊያወጣቸው ይችላል።

የማገናኛ ማጽጃ ፈሳሽ ለኦክሳይድ ይጠቅማል፤ በሙቀት ላልቶ መጨበጥ ያቃተውን ፒን ግን አያድነውም። ለዚያ አዲስ ማገናኛ ግዙ። በ3.96 ሚሊሜትር ርቀት ለተሰደሩ ፒኖች የሚሆነውን፣ በሦስት በኩል የሚነካውን የሞሌክስ ትራይፈርኮን ዓይነት ከተራው አስበልጣለሁ።

ጥፋቱ ከፓወር ሰፕላዩ ከሆነ ምርጫው እንደ ማሽኑ ይለያያል። ለጃማ ማሽን ስዊቺንግ (በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ቮልቱን የሚቆጣጠር) ፓወር ሰፕላይ ይመቻል፤ ለምሳሌ የሚን ዌል አርቲ-65ኤ +5፣ +12 እና -5 ቮልት ይሰጣል። በስሙ መጨረሻ ያለውን ፊደል አስተውሉ፤ አርቲ-65ቢ በ-5 ፋንታ -12 ነው የሚሰጠው። አዲስ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ -5 ስለሌለው፣ 4116 የሚባለውን የማስታወሻ ቺፕ ለያዙ ቦርዶች አልመክረውም። የ1980ው ፓክማን ደግሞ ቦርዱ ራሱ ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ተቀብሎ ወደ ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ስለሚቀይር፣ ስዊቺንጉን ያለ ማሻሻያ መሰካት አይቻልም።

እንደ አስትሮይድስ (1979) እና ሴንቲፒድ ያሉ የአታሪ ማሽኖች ላይ ግን የማሽኑን የራሱን ፓወር ሰፕላይ ማሳደስ እመርጣለሁ። የእነዚህ ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚያረጋ) ቦርድ በሴንስ ሽቦ (ቮልቱን ለመለካት ብቻ በተዘረጋ ሽቦ) አማካይነት ጨዋታው ቦርድ ላይ ያለውን ቮልት እያየ የጎደለውን ይሞላል፤ ስለዚህ ማገናኛው ሲበላሽ ሬጉሌተሩ ላይ ያለው ቮልት ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ትልቁን የማጣሪያ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ቮልቱን የሚያለሰልስ ዕቃ)፣ ማገናኛዎቹንና የሬጉሌተር ቦርዱን ካፓሲተሮች በአንድ ጊዜ መቀየር ይገባል። ካፓሲተሮቹ የ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የሚችሉ፣ ከታመነ ሻጭ የተገዙ ይሁኑ።

ለጠጋኝ የምትሰጡ ከሆነ፣ ከጥገናው በፊትና በኋላ ቦርዱ እየሠራ የለካውን ቁጥር የሚሰጣችሁንና የቀየረውን ዕቃ የሚመልስላችሁን ምረጡ። ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከመንካታችሁ በፊት ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፤ የስክሪኑ ቱቦም ማሽኑ ከጠፋ በኋላ አደገኛ ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጥገናው ካለቀ በኋላ ማሽኑን አንድ ሰዓት አሠርታችሁ፣ እዚያው ቺፕ ላይ ዳግም ለክታችሁ፣ ማስተካከያውን ያን ጊዜ ብቻ ወደ 5.0 ቮልት አምጡት።