«ጥምርታ» ወይስ «ውድር»? የአባቴ የደም ውጤት ያመጣው ጥያቄ

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም የቃል ወዳጆች። አባቴን እዚሁ ደብረ ማርቆስ ደም አስመርምሬ ነበር። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 180 ይላል። «ከ200 በታች ነው፣ እሰይ!» ብዬ ልወጣ ስል ሐኪሙ «ጥምርታው 6 ነው፣ ቁጭ በል» አለኝ። አባቴ መንገዱን ሙሉ «ምን ከምን ጋር ነው የተጣመረው?» እያሉ ወጥረው ያዙኝ። ቃሉ ልክ ነው?

የቡሬዋ ነርስ፦
መጀመሪያ ነገሩን እንያዝ። ጠቅላላው ኮሌስትሮል ለ«ጥሩው» ኮሌስትሮል፣ ለኤችዲኤል፣ ይካፈላል። የአባትህ ጥሩው 30 ነው ማለት ነው፤ 180 ለ30 ሲካፈል 6። ጠቅላላው 220፣ ጥሩው 55 የሆነ ሰው ግን 4 ይመጣለታል። 220 ከ180 ይበልጣል፣ ግን በዚህ መለኪያ ባለ 220ው ይሻላል። ከ5 በታች ይመረጣል፤ ወደ 3.5 ከወረደ ደግሞ እሰየው ነው። ኤችዲኤል «ጥሩ» የተባለው የተረፈውን ኮሌስትሮል ከደም ሥር ለቅሞ ወደ ጉበት ስለሚመልስ ነው። «መጥፎው»፣ ኤልዲኤል፣ ግን ሲበዛ የደም ቅዳው ግድግዳ ላይ ይከማቻል። በነገራችን ላይ በጥምርታ ብቻ አይፈረድም። ኤልዲኤሉ ለብቻው፣ ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ ሲጋራው፣ ዕድሜውም ይታያል።

የዋሸራው፦
አባትህ የጠየቁት የቅኔ ተማሪ ጥያቄ ነው። «ጥምርታ» ሲባል ጥንድ በሬ ነው ትዝ የሚለው። እዚህ ግን ምንም አልተጣመረም፤ አንዱ በሌላው ተለካ እንጂ። እኔ «ውድር» እላለሁ፤ በሒሳብ ትምህርት የምናውቀው ነው። «ወደር የለሽ» ስንል አቻ የሌለው ማለታችን አይደል? «ውድድር»ም የዚያው ቤት ልጅ ነው።

የማርቆስ ልጅ፦
ጋሼ፣ ሐኪም ቤት ገብቼ «ውድሩ ስንት ነው?» ብል ማን ይሰማኛል? ዜናውም «የተማሪና መምህር ጥምርታ» ነው የሚለው።

የዋሸራው፦
እሱስ ልክ ነህ። ለአባትህ «ጠቅላላው የጥሩውን ስድስት እጥፍ ሆኗል» በላቸውና ተገላገል።
«ኮሌስትሮል» ራሱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ግሪክኛ ነው። «ኮሌ» ሐሞት፣ «ስቴሬዎስ» ጠጣር። መጀመሪያ የተገኘው በሐሞት ጠጠር ውስጥ ስለሆነ ነው። እኛ ወኔ የከዳውን «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን፤ እዚያ ደግሞ ሐሞት ደርቆ ስም ወጣለት።

የቡሬዋ ነርስ፦
ግሩም! የኔንም ስሙኝ። የደም ሥሩ መደደር አቴሮስክሌሮሲስ ይባላል፤ «አቴሬ» ገንፎ ማለት ነው አሉ። ቅቤ መሐሉ ላይ የተደረገለት ገንፎ ታየኝ። እኔ ለታካሚ «ደም ሥር ውስጥ ሞራ ይጋገራል» እል ነበር። አንድ አዛውንት «ዓይኔስ ደህና ነው» ብለውኝ ተውኩት።

የማርቆስ ልጅ፦
አባቴ ግን «ጾመኛ ነኝ፣ ቅቤ ከየት አግኝቼ?» ብለው ሙግት ይዘዋል። የዘይቱን ጄሪካን አምጥተው «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚለውን አስነበቡኝ።

የቡሬዋ ነርስ፦
የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው አይደል? ጽሑፉ አልዋሸም፤ የዕፅዋት ዘይት ኮሌስትሮል የለውም። ግን የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ስብ ነው። እዚህ «ነፃ» ማለት «የለበትም» እንጂ «አያመጣም» ማለት አይደለም።

የማርቆስ ልጅ፦
መልስሽን አነበብኩላቸው። «ታዲያ የኑጉ ምን አለኝ?» አሉና ጄሪካኑን ወደ ጓዳ መለሱት።